«ምንም ፈነዳና ዓለም ሆነ» ያለው ማን ነው?

ሰማይ ወዳጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይቭ ላይ አንድ ክርክር ሰማሁ። አንዱ ወገን «የእናንተ ሳይንስ ምንም ፈነዳና ሁሉ ነገር ሆነ ነው የሚለው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አዎ፣ ፊዚክስ ዓለም ከምንም እንደመጣ አረጋግጧል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» ብሎ ይመልሳል። ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተባባሉ። ሁለቱም የተናገሩት ግን ቢግ ባንግ ውስጥ የለም። ይህ ነገር በጣም ስለሚከነክነኝ ነው የጻፍኩት።

ቢግ ባንግ የሚለው ይህን ያህል ነው። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው። ጊዜን ወደ ኋላ ብንቆጥር ጋላክሲዎች ይቀራረባሉ፣ ሁሉም ይጠጋጋል፣ ይግላል። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ የምናየው ሁሉ እጅግ የጋለና እጅግ የታመቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳይንስ በማስረጃ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የሃይድሮጅንና የሂሊየም ኒውክለሶች ተሠሩ። ስሌቱ በክብደት ሦስት አራተኛው ሃይድሮጅን፣ አንድ አራተኛው ሂሊየም መሆን አለበት ይላል። ከዋክብት ብዙም ያልነካኩትን ጋዝ ስንለካ የምናገኘውም ይኸው ነው።

ሌላው ማስረጃ ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የሚባሉ ሁለት የቤል ላብስ (የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም) ባለሙያዎች ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ሆልምደል በሚባል ቦታ፣ የቀንድ ቅርጽ ባለው ትልቅ አንቴና ይሠሩ ነበር። አንቴናው ውስጥ የማይጠፋ ሹሹታ ነበር። ወደ ኒው ዮርክ ቢያዞሩት ያው ነው። ወደ ባዶ ሰማይ ቢያዞሩት ያው ነው። ቀን፣ ሌሊት፣ በጋ፣ ክረምት አይለወጥም። ርግቦች ውስጡ ሰፍረው ኩሳቸውን አፍስሰውበት ስለነበር ጥፋቱ የእነሱ ይሆናል ብለው ርግቦቹን ወደ ሌላ ቦታ ላኳቸው። ርግቦቹ ተመልሰው መጡ። ኩሱን ጠረጉ፣ ብረቱን አጸዱ፣ መጋጠሚያዎቹን በቴፕ ሸፈኑ። ሹሹታው አሁንም አለ። ሲለኩት ከፍጹም ዜሮ (ከቅዝቃዜ ሁሉ መጨረሻ) በላይ ሦስት ዲግሪ ኬልቪን ገደማ ሙቀት ካለው ነገር የሚመጣ ነው። በኋላ እንደተረዱት ይህ ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነፃ የወጣው ብርሃን ነው። ያኔ 3,000 ዲግሪ ገደማ የነበረው፣ ህዋው ሲለጠጥ አብሮ ተለጥጦ ዛሬ 2.7 ደርሷል። አልፈርና ኸርማን የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ደግሞ በ1948፣ ማንም ሳይለካው፣ 5 ዲግሪ ገደማ የሆነ ቅሪት ሙቀት መኖር አለበት ብለው ጽፈው ነበር። ፔንዚያስና ዊልሰን በ1978 ኖቤል ተሸለሙ።

ልብ በሉ። ይህ ብርሃን የሚነግረን ስለ 380,000ኛው ዓመት ነው። የሂሊየሙ ልኬት ወደ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያደርሰናል። ወደ ዜሮ ሰከንድ ስንጠጋ ግን የአይንስታይን ቀመሮች ራሳቸው እጅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ካለ ነገር ይጀምራል እንጂ ከምንም አይጀምርም። «ምንም ፈነዳ» የሚል ቀመር አላየሁም። ያያችሁ ካላችሁ አምጡ፣ እንወያይ።

የደብረ ማርቆሱ

ወንድሜ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን እኛ ያደግነው ቢግ ባንግ ፈጣሪን ለመካድ የወጣ ነገር ነው ሲባል እየሰማን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤትም እንዲያ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ያሰቡት ሰዎች ዓላማቸው ይህ አልነበረም?

ሐና ዘሉቨን

ይህን እኔ ልመልስ፣ የተማርኩት እሳቸው ባስተማሩበት ከተማ ነው። መጀመሪያ ያሰቡት ሰው ካህን ናቸው። ዦርዥ ለሜትር ይባላሉ፣ ቤልጅጋዊ የካቶሊክ ቄስ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ በወታደርነት ተዋግተዋል፣ በ1923 ቅስና ተቀበሉ፣ ከዚያ ካምብሪጅና አሜሪካ ተምረው ሉቨን አስተማሪ ሆኑ። በ1927 ጽንፈ ዓለም ይሰፋል የሚለውን ከአይንስታይን ቀመር አውጥተው በፈረንሳይኛ ጻፉ። ብዙ ሰው አላነበበውም። አይንስታይንም በዚያው ዓመት አግኝቷቸው ሒሳቡን ተቀብሎ ፊዚክሱን አጣጣለው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል የጋላክሲዎቹን መራራቅ ያሳየበት ጽሑፍ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1929 ነው።

በ1931 ደግሞ ለሜትር አንዲት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ገጽ አትሞላም። ዓለም የጀመረችው ከአንድ ኳንተም (ከአንድ የኢነርጂ ጥቅል) ከሆነ፣ በመጀመሪያው ላይ «ቦታ» እና «ጊዜ» የሚሉት ነገሮች ራሳቸው ትርጉም አይኖራቸውም ይላሉ። የመጀመሪያው አንድ ኳንተም አለ፣ ከእሱ ጊዜና ቦታ ይወጣሉ። እዚህም ቢሆን ከምንም አይነሱም።

እኔን የሚገርመኝ የኋላው ነው። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህ የሳይንስ ግኝት የፍጥረትን ትምህርት እንደሚደግፍ አድርገው ተናገሩ። ደስ ያላላቸው ለሜትር ናቸው! ቄስ ሆነው ሳለ፣ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ እንዲቆም ፈለጉ። ያመነም ያላመነም እኩል ሊሠራበት ይችላል የሚል አቋም ነበራቸው። የዚያ የኒው ጀርሲ ሹሹታ ዜናም በ1966 ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ደርሷቸዋል። ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል።

የደብረ ማርቆሱ

ይህን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።

ኢንጂነሩ

ከምንም ባይጀምርም አንድ ነገር አልገባኝም። ኢነርጂ አይፈጠርም አይጠፋም ተብለን ነው የተማርነው። ይህ ሁሉ ጋላክሲ ታዲያ ኢነርጂውን ከየት አመጣው?

ጋሽ ፊዚክስ

አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። ሁለት መልስ አለው።

የመጀመሪያው ኤድዋርድ ትራዮን ከሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። በ1973 ያወጣው ጽሑፍ የጽንፈ ዓለም ጠቅላላ ኢነርጂ ዜሮ ሊሆን ይችላል ይላል። ቁስ አካል ያለው ኢነርጂ ፖዘቲቭ ነው። ቁሱን እርስ በርስ የሚያስተሳስረው የስበት ኢነርጂ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ሰው ሺህ ብር ተበድሮ ቢመጣ እጁ ላይ ሺህ ብር አለ፣ ዕዳውም ሺህ ብር ነው። ሲደመር ዜሮ ነው፣ ግን በብሩ ቤት ሊከራይ ይችላል። ትራዮን ዓለማችን እንዲህ ሆና ከኳንተም ባዶ ቦታ የተነሳች ልትሆን ትችላለች ብሎ ጠረጠረ።

ሁለተኛው መልስ ክፍል ውስጥ ስናገረው ተማሪዎቼን ያስደነግጣል። ህዋው ራሱ በሚሰፋበት ጽንፈ ዓለም ውስጥ የጠቅላላ ኢነርጂ ጥበቃ ሕግ እንደለመድነው አይሠራም። ያ ከ3,000 ወደ 2.7 የወረደው ብርሃን ኢነርጂው የት ሄደ ብትለኝ፣ «እዚህ ተቀመጠ» ብዬ የማሳይህ ቦታ የለኝም። ሕጉ የሚቆመው የፊዚክስ ሕጎች ከጊዜ ጋር የማይለወጥ መድረክ ላይ ሲሠሩ ነው። ኤሚ ኖተር የምትባል ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ በ1918 ያረጋገጠችው ይህን ነው። መድረኩ ራሱ ሲለጠጥ ግን ዋስትናው ይነሳል።

ብሩክ ነኝ

ጋሽ፣ ትራዮንን ካነሱ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ኳንተም ሜካኒክስ ቅንጣቶች ከባዶ ቦታ እንደሚወጡ በላብራቶሪ አሳይቷል። ዝም ብሎ ግምት አይደለም። ሰማይ ወዳጅ ለምን ይህን እንደዘለልከው አልገባኝም። ለአማኞች ላለመቆርቆር ከሆነ አላዋጣም፣ እውነት እውነት ነው።

ሰማይ ወዳጅ

ብሩክ፣ አልዘለልኩትም፣ ልመጣበት ነበር። ላብራቶሪው ያሳየውን ጠጋ ብለን እንየው።

በ1948 ሄንድሪክ ካሲሚር የተባለ ሆላንዳዊ፣ ኤሌክትሪክ ያልተሞሉ ሁለት የብረት ዝርግ ሳህኖች ባዶ ቦታ ላይ እጅግ ተቀራርበው ቢቀመጡ እንደሚሳሳቡ ተነበየ። በመካከላቸው አየር የለም፣ ማግኔት የለም። በ1997 ስቲቭ ላሞሮ በማይክሮሜትር በሚለካ ክፍተት ላይ ሞክሮት ኃይሉን አገኘው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሥራ አለው፣ ይህን አልክድም።

ከዚህ የባሰው የስዊድኑ ነው። በ2011 ጎተንበርግ ያለው የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከባዶ ቦታ ብርሃን አወጣ። አንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ወደ ፍጹም ዜሮ አስጠግተው አቀዘቀዙ። ጫፉን በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜዎች እንደሚወዛወዝ መስታወት እንዲሆን አደረጉት። ምንም ብርሃን ካልነበረበት ጨለማ የማይክሮዌቭ ፎቶኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጡ። አርዕስቶቹ ሁሉ «ብርሃን ከምንም» አሉ።

ግን ሒሳቡን ማን ከፈለ? መስታወቱን ያንቀሳቀሰው ኃይል ነው የከፈለው። ባዶው ቦታስ ምን ነበረው? ቦታ ነበረው። ጊዜ ነበረው። ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ነበረው፣ በዝቅተኛው ደረጃው ላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ። መስኩ የሚገዛበት ሕግ ነበረው። ይህን ሁሉ የያዘ ነገር ምንም ሊባል አይችልም። የትራዮንም ሐሳብ የሚነሳው ከዚሁ ነው፣ አስቀድሞ ከነበረ ባዶ ቦታ። በጣም የሚያምር ሐሳብ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ከምንም ዓለም ወጣ ለማለት አያበቃም።

ኑር

አሰላሙ አለይኩም ለሁላችሁም። ነገሩን ከሌላ በኩል ላንሳው። ኢማም አል ገዛሊ በ1111 ሳያርፉ በፊት የተሟገቱበት ክርክር አለ። መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ አስጀማሪ አለው። ዓለም መጀመሪያ አላት። ስለዚህ አስጀማሪ አላት። የአርስቶትል ተከታዮች ዓለም ዘላለማዊት ናት ሲሉ ነው ይህን ያነሱባቸው። ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ ደግሞ ለኢማሙ መልስ ጻፉባቸው። ያ ሁሉ ክርክር ማንም ቴሌስኮፕ ሳይኖረው ነበር።

አሁን ደግሞ በ2003 ቦርዴ፣ ጉዝና ቪሌንኪን የሚባሉ ሦስት የፊዚክስ ሊቃውንት አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ አውጥተዋል። በአማካይ ሲሰፋ የኖረ ጽንፈ ዓለም ወደ ኋላ ያለ ማብቂያ ሊዘረጋ አይችልም ይላል። ይህ የኢማሙን ሁለተኛ ነጥብ አይደግፍም ትላላችሁ?

ጋሽ ፊዚክስ

ወአለይኩም ሰላም ኑር። ማረጋገጫው ትክክል ነው፣ በደንብ አስቀምጠኸዋል። የሚለው ግን መስፋፋቱ ወደ ኋላ ድንበር እንዳለው ነው። ከድንበሩ ወዲያ ሌላ ፊዚክስ ሊኖር ይችላል። ሮጀር ፔንሮዝ ለምሳሌ ያለፈ ዘመን መጨረሻ የእኛ ዘመን መጀመሪያ ሆነ የሚል ሐሳብ አለው። ብዙዎች አልተቀበሉትም። ስለዚህ ክርክሩን ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይዘጋውም።

ሚሚ 12ኛ ክፍል

ይቅርታ፣ ቀላል ጥያቄ ነው። ፍንዳታው የት ቦታ ላይ ነው የተፈጠረው?

ሐና ዘሉቨን

ሚሚዬ፣ በሁሉም ቦታ። መሀል የለውም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የፈነዳ ነገር አልነበረም፣ የሰፋው አዳራሹ ራሱ ነው። ያቺ የተቀመጥሽባት ቦታም ያኔ የጋለው ውስጥ ነበረች። ለዚህ ነው ያ የድሮ ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚመጣው። ልዩነቱ ከ100,000 አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው፣ ያንንም ኮቤ የምትባለው ሳተላይት በ1992 አሳየች።

መሪጌታ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያ ጀምሬ አነበብኩ። ስድብ የሌለበት ክርክር ማየት ደስ ያሰኛል። አንድ ነገር ልጨምር።

በቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ ትምህርት በስድስቱ ዕለታት የተፈጠሩት ሥነ ፍጥረታት ሃያ ሁለት ሆነው ይቆጠራሉ። ስምንቱ የእሑድ ናቸው። ከእነዚያ መካከል አራቱ ባሕርያት አሉ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት። አራቱ የተፈጠሩት እምኀበ አልቦ ነው እንላለን፣ ካለመኖር ወደ መኖር። ከእነርሱ ተገኝቶ የተፈጠረውን ደግሞ ግብር እምግብር እንለዋለን። የጥንት መምህራን ሁለቱን አልቀላቀሏቸውም። ይህ ነገር ከምን ተሠራ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሊሠራበት የሚችል ነገር ጨርሶ ለምን ኖረ የሚለው ሌላ ነው።

እናንተ ያነሳችሁት ሁሉ፣ ሂሊየሙም፣ የስዊድኑ ብርሃንም፣ በእኔ መረዳት ግብር እምግብር ነው። ካለ ነገር ሌላ ነገር መውጣቱ ነው። እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው። እምኀበ አልቦ ወደሚለው ግን ገና አልደረሰም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ሰማይ ወዳጅ

መሪጌታ፣ አልተሳሳቱም። እኔ በብዙ መስመር ልናገር የታገልኩትን እርስዎ በሁለት ቃል ለዩት። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ክርክር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ይሆናል።

ብሩክ ነኝ

መሪጌታ በአክብሮት፣ እኔ ግን አልስማማም። ቪሌንኪንን ረሳችሁት። በ1982 ያወጣው ጽሑፍ የሚጀምረው ባዶ ቦታም በሌለበት ነው። ቦታ የለም፣ ጊዜ የለም፣ ቁስ የለም። ከዚያ በኳንተም ቀዳዳ ሾልካ አንዲት ኢምንት ጽንፈ ዓለም ብቅ ትላለች። ከዚያ ኢንፍሌሽን የሚባለው እጅግ ፈጣን መስፋፋት ይነፋታል። በቀጣዩ ዓመት ሃርትልና ሆኪንግም በሌላ መንገድ ጊዜ የመጀመሪያ ጠርዝ የሌለው ሞዴል አወጡ። ይህ ካለ ነገር ነው የሚጀምረው ትሉኛላችሁ?

ሰማይ ወዳጅ

ጥሩ ቦታ ላይ ያዝከኝ። የቪሌንኪን «ምንም» ከትራዮን እጅግ የጠለቀ ነው፣ ትክክል ነህ። ከዚህ የራቀ የሄደ ፊዚክስ የለም ማለት ይቻላል።

ግን «ሾልካ ወጣች» የሚለው ስሌት በኳንተም ሕግ የሚሠራ ነው። ቁስ፣ ቦታና ጊዜ ተነስተው ሕጉ ቀርቷል። ይህን ያልኩት እኔ ብቻ እንዳይመስልህ። ቪሌንኪን ራሱ ሕጎቹ ከጽንፈ ዓለም በፊት «መኖር» እንዳለባቸው ያምናል፣ የት ሆነው ኖሩ የሚለውም ለእሱ ጥያቄ ነው። የራሱን ሥራ ወሰን በዚህ ግልጽነት የሚያስቀምጥ ሳይንቲስት ሳይ ክብሬ ይጨምራል። ቲክቶክ ላይ «ተረጋግጧል» የሚለው ሰው ግን ይህን ክፍል ቆርጦ ነው የሚያቀርበው።

ሌላም አለ። እነዚህ ሞዴሎች በልኬት ገና አልተረጋገጡም። ኢንፍሌሽን እንኳ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው የባይሴፕ2 ታሪክ ያሳያል። ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው ቡድን በመጋቢት 2014 ከኢንፍሌሽን የመጣ የስበት ሞገድ አሻራ አገኘን አለ። ዓለም ሁሉ ተነሳ። ወራት ሳይቆይ ጥያቄ ተነሳበት፣ በ2015 መጀመሪያ ከፕላንክ ሳተላይት ቡድን ጋር አብረው ሲያዩት ምልክቱ በጋላክሲያችን አቧራ ሊብራራ የሚችል ሆነ። ራሳቸው ናቸው ያረሙት። ፍለጋው አሁንም ቀጥሏል።

ብሩክ ነኝ

እሺ፣ ሕጉ ይቀራል በሚለው ልስማማ። ግን ሁላችሁም አንድ ነገር ሳትጠይቁ ተቀብላችኋል። «ምንም» አለመኖሩ ለምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ፈላስፋው ላይብኒትዝ በ1714 «ከምንም ይልቅ ለምን አንድ ነገር ኖረ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ምንም ከሆነ ነገር ይልቅ ቀላል ነው ብሎ ስላሰበ ነው። ይህን ማን አየ? እኛ ምንም አይተን አናውቅም። በታሪክ ሙሉ ያየነው ያለ ነገርን ብቻ ነው። መኖር የተለመደው፣ አለመኖር ደግሞ የሚያስገርመው ቢሆንስ?

ኑር

ብሩክ ይህ እስካሁን ካነሳኸው ሁሉ ጠንካራው ነው። ግን ተመልከት፣ «የሆነ ነገር ሊኖር ግድ ነው» ካልክ ከእኛ ጋር ግማሽ መንገድ መጥተሃል። እኛም ግድ የሆነ ህላዌ አለ ነው የምንለው። የቀረው ያ ግድ የሆነው ሕግ ነው፣ ቁስ ነው ወይስ አላህ ነው የሚለው ነው።

ብሩክ ነኝ

ግማሽ መንገድ መምጣቴን አልክድም። ሌላውን ግማሽ ግን ለመምጣት ምክንያት አላየሁም። ያለው ነገር ግድ ባይሆንም በቃ አለ ማለት ይቻላል።

ኑር

«በቃ አለ» የሚለው ለእኔ መልስ አይሆንም፣ ጥያቄውን ማቆም ነው። እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ግን አሁን ቢያንስ የምንለያይበትን ቦታ አውቀነዋል ወንድሜ።

ሚሚ 12ኛ ክፍል

ጋሽ፣ ፈተና ላይ «በቢግ ባንግ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ጽንፈ ዓለም ከምንም ተፈጠረ፣ እውነት ወይስ ሐሰት» ብሎ ቢመጣ ምን ልበል?

ጋሽ ፊዚክስ

ሐሰት በይ። ንድፈ ሐሳቡ ከጋለና ከታመቀ ሁኔታ ተነስቶ መስፋፋቱን ነው የሚናገረው። ምክንያት ጻፊ ካሉሽ ሦስቱን አስቀምጪ፦ የጋላክሲዎች መራራቅ፣ የሂሊየሙ መጠን፣ የ2.7 ዲግሪው ጨረር። ሦስቱም ስላለ ነገር ነው የሚመሰክሩት።

ሚሚ 12ኛ ክፍል

አመሰግናለሁ ጋሽ። አንድ ሌላ ብቻ፦ ቁስና ፀረ ቁስ እኩል ከተፈጠሩ ተጠፋፍተው ማለቅ አልነበረባቸውም?

ጋሽ ፊዚክስ

ነበረባቸው! ለያንዳንዱ ቢሊዮን ፀረ ቅንጣት ቢሊዮን ከአንድ ያህል ቅንጣት ስለነበረ ነው የተረፍነው፣ ያቺ አንዷ ከየት እንደመጣች ደግሞ እስከ ዛሬ ይፈለጋል። አንድሬ ሳካሮቭ በ1967 ምን ምን መሟላት እንዳለበት ጽፏል። እዚህ ከጀመርነው ይረዝማል። አዲስ ክር ክፈቺ፣ እመጣለሁ።